ፀዳል ሊዮን የሄደችበት ፍልሰታ

ፀዳል በግራ እጇ የብረት ሳህኑን በጨርቅ ጠምጥማ ይዛለች፤ በቀኟ የሽቦ መምቻውን ታዞራለች። ከሳህኑ ሥር የፈላ ውኃ አለ፣ እንፋሎቱ አንጓዋን ይለበልባታል። ሳህኑ ውስጥ ያለው ሃያ የእንቁላል አስኳል ነው። እጇ ለአፍታ ካረፈ ፍርፍር ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ አያርፍም። የቀለጠውን ቅቤ በክር መጠን ታንጠባጥባለች፣ ታዞራለች፣ ደግሞ ታንጠባጥባለች። በዞረች ቁጥር ቀኝ ትከሻዋ ውስጥ አንድ ነገር ቋ ይላል። ሶሱ ሲወፍር ሎሚ ጨመቀችበት፤ በሦስት ጣቷ ጨው ቆንጥራ በተነችበት። ከዚያ ጎንበስ አለችና አፍንጫዋን ወደ ሳህኑ አስጠግታ ዓይኗን ጨፈነች።

አልቀመሰችም። ቀኑ ዓርብ ነው፤ የፍልሰታ ሁለተኛ ቀን።

ዳውንታውን ዴንቨር ባለው በዚህ ሆቴል ወጥ ቤት ሶስ መሥራት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በነዚህ ሁሉ ዓመታት በጾም ቀን ቅቤም እንቁላልም ምላሷን ነክቶ አያውቅም። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከስድስት ዓመት ወዲህ እዚህ ዕቃ የሚያጥበው ሙኒብ። ፀዳል ትንሽ ማንኪያ ሶሱ ውስጥ ነክራ የሚታጠብ ዕቃ በሚቀመጥበት መስኮት ላይ ታኖራለች። ሙኒብ ይቀምሳል፣ ማንኪያውን ያጥብና መልሶ ያስቀምጣል። ቀና ብሎ ከተቀመጠ ልክ ነው ማለት ነው። ከተደፋ ጨው ያንሰዋል። በጎኑ ከተኛ ሎሚው በዝቷል። ወይን ያለበት ሶስ ከሆነ ግን ማንኪያው ሳይነካ ይመለሳል፤ ሙኒብ ሙስሊም ነው፣ አይቀምስም። ያን ጊዜ ፀዳል ያላት አፍንጫዋ ብቻ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ረመዳንና ሁዳዴ ተደርበው ገቡና ለአንድ ወር ያህል የሆቴሉን ሶስ ከሁለቱ አንዳቸውም ሳይቀምሱት አለፈ። ያን ወር ፀዳል ሳይበሉ የሚመለሱ ሳህኖችን ስትቆጥር ከረመች።

ዛሬ ማንኪያው ቀና ብሎ ተመለሰ።

«እትዬ ፀዳል፣» አለ ሙኒብ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ፣ «እሑድ ፈረንሳይ ሲሄዱ እኔንም ሻንጣ ውስጥ ይክተቱኝ። ቀማሽ የሌለው ንጉሥ የት ያውቃሉ?»

«ዝም በል፣ ሰው ይሰማል።»

«እዚህ ማን አማርኛ ይሰማል?»

«ግድግዳው።»

ሙኒብ ሳቀ። ፀዳል አልሳቀችም።

ነገሩ የመጣው በግንቦት ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፤ ፀዳል በነዚያ ቀናት ሌላ ሰው ናት። ማንኪያ ከእጇ አይጠፋም። የራሷን ሶስ ቀምሳ የባልደረቦቿንም ትቀምሳለች፤ «ይሄ ቁንዶ በርበሬ በዛበት»፣ «ይሄ ደግሞ ነፍስ የለውም» እያለች ስትዘዋወር ዋናዋ ሼፍ አየቻት። ሼፏ ቀጠን ያለች፣ ረጅም፣ ብዙ የማትናገር አሜሪካዊት ናት።

«ምላስሽ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የነቃው?» አለቻት።

«ፀደይ ነው መሰለኝ፣» አለች ፀዳል።

በሳምንቱ ቢሮዋ ጠራቻት። በየሁለት ዓመቱ ለስምንት ሰው ብቻ የሚዘጋጅ የምግብ ጉብኝት እንዳለ ነገረቻት። ሊዮን የምትባል የፈረንሳይ ከተማ ሄደው ለአምስት ቀን ገበያውን እየዞሩ ይቀምሳሉ፣ በትንንሽ ምግብ ቤቶች ይበላሉ፣ ከአገሩ ሰው ጋር ያበስላሉ። ሼፏ ሁልጊዜ ከወጥ ቤቷ አንድ ሰው ይዛ ትሄዳለች። ዘንድሮ ፀዳልን ልትወስድ ነው። ምክትሏ ጡረታ ስለሚወጣ ደግሞ በሊዮን ከፀዳል የምታየው ሼፏን ደስ ካሰኛት ቦታው የፀዳል ይሆናል።

ምክትል ድስት አያነሳም። የሌላውን ሥራ ያያል፣ ዕቃ ያዛል፣ ሰው ይመድባል። ፀዳል አምሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሐኪሙ ትከሻሽን ካላሳረፍሽው በዓመት ውስጥ ክንድሽን ቀና ማድረግ ያቅትሻል ብሏታል። ከወጥ ቤት ውጭ የምታውቀው ሥራ የለም። ስለዚህ «እሺ» ያለችው ሼፏ ተናግራ ሳትጨርስ ነው።

ያን ዕለት ማታ ኦሮራ ባለው አፓርትማዋ ልጇ ሊዲ ፎርሙን በስልክ ሞላችላት።

«ማሚ፣ የማትበዪው ምግብ ካለ ጻፊ ይላል።»

«ምንም የለም በዪ።»

«ሹር ነሽ? ጾምስ?»

«አሁን ምን ጾም አለ? ደሞ ጾም ለሰው አይነገርም። ጋባዥን ይሄን አልበላ ያን አልበላ ማለት ነውር ነው።»

«ማሚ፣ ጋባዥ አይደሉም እኮ። ካምፓኒ ነው።»

«ቢሆንም።»

ሊዲ «ምንም የለም» የሚለውን ነክታ ላከችው።

ቀኑ የተጻፈው በፈረንጅ ነበር፤ ኦገስት አሥራ አንድ። ፀዳል ነገሩ የታያት ሐምሌ ገብቶ ፍሪጁ ላይ የተለጠፈውን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ስትገልጥ ነው። ከኦገስት አሥራ አንድ ሥር ነሐሴ አምስት ይላል። ጣቷን እላዩ ላይ እንዳደረገች ቆመች። ፍሪጁ ተከፍቶ ቀርቶ መጮህ እስኪጀምር ድረስ አልሰማችም።

ፍልሰታን ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ አንድ ቀን ሳታጎድል ጾማለች። ከልጆች ጋር ተሰልፋ ስትቆርብ የጀመረችው ነው። አርግዛም ጾማለች፤ አውሮፕላን ማረፊያ ወንበር ላይ እያደረችም ጾማለች። ለንስሐ አባቷ ለቄስ ሕሩይ ደወለች።

«መንገደኛ ነሽ እንጂ ሕመምተኛ አይደለሽም፣» አሏት። «ብትበዪ አልቆጣሽም። ግን አምሳ ዓመት የያዝሽውን እኔ በስልክ አላስፈታሽም። አንቺው ወስኚ።»

«አባቴ፣ እርስዎ ቢወስኑልኝ ይሻለኝ ነበር።»

«አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው የማልወስንልሽ።»

ለሼፏ መንገር ይቻል ነበር። ሊዲም፣ ሙኒብም ንገሪያት አሏት። ፀዳልን ያስፈራት ግን የሊዮን ነገር አልነበረም። «ጾም ስለሆነ አልቀምስም» ካለች ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ይታያታል፤ «ታዲያ እስከ ዛሬስ?» ሶስ ሠሪ ሳይቀምስ ወደ እንግዳ ጠረጴዛ ማውጣቱ በወጥ ቤት ትልቅ ጥፋት ነው። ዕቃ አጣቢ በድብቅ ማስቀመስ ደግሞ ይብሳል። ምክትልነቱ ይቅርና የያዘችውን ሥራም ልታጣ ትችላለች፤ ሙኒብም አብሯት። ስለዚህ ምንም ሳትናገር ሻንጣዋን ዘጋች። ቆሎና የኑግ ልጥልጥ በካልሲዎቿ መካከል ደበቀች።

ሊዮን ሁለት ወንዝ የሚያልፍባት ከተማ ናት። ፀዳል ወንዞቹን ያየቻቸው ልቧ ሌላ ቦታ ሆኖ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ስምንቱም ሰዎች አንገቷ ላይ አረንጓዴ ሻርፕ ያሰረችውን መሪ ተከትለው ጣሪያ ወዳለው ትልቅ ገበያ ገቡ። ከስምንቱ ስድስቱ ምግብ ቤት ያላቸው ወይም ማዕድ የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ ከዴንቨር አጠገብ ከሌክውድ የመጡ ባልና ሚስትም አሉ። ሁሉም እንደ ልጅ ደስ ብሏቸዋል። በየመደብሩ ሰው በቢላ ጫፍ ይዞ ይጠብቃቸዋል፤ ቋሊማ፣ የዝይ ጉበት፣ አመድ የተነሰነሰበት የፍየል አይብ፣ ሲቆረጥ እንደ ማር የሚፈስ የላም አይብ።

ፀዳል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አትጠጣም። የተሰጣትን ሁሉ በሁለት እጇ ተቀብላ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ታመሰግናለች። ሌሎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያላምጡ፣ እሷ አፏን እንደምትጠርግ ሰው ናፕኪኑን ከንፈሯ ላይ ታደርግና ቁራሹን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ትጨምራለች። በአምስተኛው መደብር ቦርሳዋ ከበዳት። በትራም ሲመለሱ ሙቀቱ ሠራ፤ ቦርሳው መሽተት ጀመረ። ከፊቷ የተቀመጡ አሮጊት አፍንጫቸውን አሹ፣ ጫማቸውን አዩ፣ የሷን ጫማ አዩ፣ ተነሥተው ሌላ ቦታ ተቀመጡ። ፀዳል ቦርሳውን እንደ ሕፃን አቀፈችው።

«ከአይቦቹ የትኛው በለጠብሽ?» አለቻት ሼፏ ከጎኗ።

«ሦስተኛው፣» አለች ፀዳል። «የበረት ሽታ አለው። ግን ንጹሕ በረት፤ ጠዋት የተጠረገ።»

ሼፏ በረጅሙ አየቻት። «እንዲህ አድርጎ የነገረኝ የለም፣» አለች።

ፀዳል ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከእህል ተከልክላ በጾም ቀን መዋሸቷ ከቦርሳው ሽታ በላይ ከነከናት። ማታ ቦርሳዋን ሆቴሉ አጠገብ ያለ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አራገፈችና ቆሎዋን አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ በላች።

በማግስቱ የማብሰል ሥልጠናው ነው። ማዳም እያሉ የሚጠሯት፣ ሰባ ዓመት የሚሆናት፣ ክንዷ የወፈረ የሊዮን ሴት የራሷ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀበለቻቸው። የዕለቱ ሥራ ክኔል ነው፤ የተፈጨ ዓሣ በእንቁላልና በዱቄት ተድቦልቡሎ ይቀቀልና ክሬይፊሽ የሚሉት ሸርጣን መሰል የወንዝ እንስሳ የገባበት የቅቤ ሶስ ይፈስበታል። ሁሉም የየራሱን ሶስ እንዲሠራ ምድጃ ተሰጠው። በመጨረሻ ማዳም እየዞረች ትቀምሳለች።

ፀዳል ምድጃው ፊት ስትቆም መጀመሪያ ልቧ ረጋ። እጇ የሚያውቀው ሥራ ነው። የቅቤውን ጥቅል ፈታች፣ አቀለጠች፣ አስኳሉን መታች። ሌሎቹ ይስቃሉ፣ አንዱ አቃጥሎ ይሳደባል፤ የሷ ሶስ ግን እንደ ሐር ሆነ። ሼፏ ከኋላዋ ቆማ እያየቻት ነው። ፀዳል ጨው በሦስት ጣቷ ቆንጥራ እንደ ልማዷ በተነች። ጎንበስ ብላ አሸተተች። ሽታው እንግዳ ነበር፤ ወንዝም፣ ለውዝም፣ ወይንም። ከሽታው ውስጥ ጨዉን ለይታ ልታወጣው ፈለገች፤ አልመጣላትም። የማንኪያው መስኮት ደግሞ ከውቅያኖስ ማዶ ነው።

«ጨረስሽ?» አለች ማዳም በተሰባበረ እንግሊዝኛ።

«ጨረስኩ።»

ማዳም በማንኪያ ቀምሳ ማንኪያውን አስቀመጠች። ብርጭቆ አንሥታ ውኃ ጠጣች። ከዚያ የፀዳልን የቅቤ መጠቅለያ ከጠረጴዛው ላይ አነሣችና በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ሼፏ ተጠግታ አነበበች። ቅቤው ጨው የገባበት ነው። በዴንቨሩ ወጥ ቤት ጨው ያለበት ቅቤ ገብቶ አያውቅም፤ ጽሕፈቱም በፈረንሳይኛ ስለሆነ ፀዳል አላነበበችውም።

«ይሄ ለማንም ይደርሳል፣» አለች ሼፏ። «ግን አንዴ ብትቀምሺው ኖሮ ታውቂው ነበር። ለምን አልቀመስሽም?»

ከሌክውድ የመጡት ባልና ሚስት ማማሰላቸውን ተዉ። ፀዳል መምቻውን እንደያዘች «ረስቼ ነው» ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ቆመ። ትናንት አንድ ውሸት ውጣ ነበር፤ ሁለተኛውን ጉሮሮዋ አልቀበል አለ።

«ጾም ላይ ነኝ፣» አለች። «በጾም ቀን አልቀምስም።»

«ዛሬ ብቻ ነው?»

«አይደለም። ረቡዕና ዓርብም። ከፋሲካ በፊትም ሁለት ወር ያህል። በገናም።»

ሼፏ ስትቆጥር ጣቶቿ ይንቀሳቀሱ ነበር። «አሥራ አንድ ዓመት?»

«አሥራ አንድ ዓመት።»

«ታዲያ የኔን ሶስ ማነው ሲቀምስ የኖረው?»

ፀዳል የሙኒብን ስም ልትጠራ አልቻለችም። አራት ሰው የሚያስተዳድር ልጅ ነው። «አፍንጫዬ፣» አለች። ይህም ግማሹ እውነት ነው።

ሼፏ አልጮኸችም። ብትጮኽባት ይሻላት ነበር። ራሷን ነቀነቀችና ወደ ራሷ ምድጃ ተመለሰች። በቀሩት ሁለት ቀናት ከፀዳል ጋር ያወራችው ስለ አውቶቡስ ሰዓትና ስለ ዝናብ ብቻ ነው። ቡሾን በሚሏቸው ጠባብ ምግብ ቤቶች ሲቀመጡ መሪዋ ለፀዳል ለብቻዋ በዘይት የተሠራ ምስር አስመጣችላት። ፀዳል ምስሩን አንገቷን ደፍታ በላች። በሕይወቷ እንዲህ ዓይን የበዛበት ሳህን ፊቷ ቀርቦ አያውቅም።

ሐሙስ ማታ ለሙኒብ ደወለች።

«ተያዝኩ፣» አለችው።

«ስሜን ጠሩት?»

«አልጠራሁም።»

«ለምን አይጠሩም?»

«አንተን ደሞ ይዤ ገደል ልግባ?»

«እትዬ ፀዳል፣» አለ፣ «ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን ሆቴል ያጣፈጥኩት እኔ ነኝ። አሁን ክብሩን ሁሉ ለአፍንጫዎ ሊሰጡት ነው?»

በጭንቀቷ መካከል ሳቅ አመለጣት። ስልኩን ስትዘጋ ግን እንባዋ መጣ።

ሰኞ ጠዋት ከኦሮራ በባቡር ዳውንታውን ደርሳ በሆቴሉ የኋላ በር ገባች። ሼፏ ቢሮ ገብታ ከሰው ኃይል ክፍሉ ጋር በስልክ እያወራች ነው። ፀዳል ሽርጧን አስራ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች። በአራተኛው ሽንኩርት ላይ ሙኒብ ሽርጡ ውኃ እያንጠባጠበ በአጠገቧ አለፈ።

«የት ነው?» አለች።

«ለራሴ ጉዳይ ነው።»

«ሙኒብ፣ በሞቴ ተመለስ!»

አልተመለሰም። የቢሮውን በር አንኳኳና ገባ። በመስታወቱ ይታያሉ እንጂ አይሰሙም። ሙኒብ በእጁ ያስረዳል፤ ቀና ያደርጋል፣ ይደፋል፣ በጎን ያስተኛል። ሼፏ ክንዷን አጣጥፋ ታያለች። ከዚያ ወጣችና ከምድጃው አንዱን ሶስ በሦስት ማንኪያ ቀዳች። በአንዱ ጨው ጨመረች፣ በአንዱ ሎሚ፣ አንዱን እንዳለ ተወችው። ጀርባውን ሰጥቶ እንዲቆም አድርጋ አደበላለቀቻቸው። ሙኒብ «ቢስሚላህ» አለና ሦስቱንም ቀመሰ። አንዱን ቀና አድርጎ አስቀመጠ፣ አንዱን በጎኑ አስተኛ። ሦስተኛውን ይዞ ትንሽ አሰበ።

«ለዚህ ምልክት የለንም፣» አለ። «እትዬ ፀዳል ጨው አብዝተው አያውቁም።»

ሼፏ ከሊዮን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የፀዳልን ዓይን አየች። «አንድ ጊዜ አብዝታለች፣» አለች።

ውሳኔዋን የነገረቻት ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ነው። የጾምሽውን ጹሚ አለቻት። ያስቆጣት ጾሙ አልነበረም፤ መደበቁ ነው። ከእንግዲህ ፀዳል በማትቀምስበት ቀን ሌላ ሰው በግልጽ ይቀምሳል፣ ስሙንም ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። ቀማሹን የምትመርጠው ፀዳል ናት፤ ሶሱ ቢበላሽ የምትጠየቀውም ፀዳል ናት። ምክትልነቱን በሙከራ ሰጠቻት፤ እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ስም ካልተጻፈ ሙከራው ያበቃል፤ ፀዳልም ወደ ድስቶቹ ትመለሳለች።

መስከረምና ጥቅምት በደህና አለፉ። ሙኒብ ስሙን በትልቁ ይጽፋል፤ አንዳንዴ ከሥሩ ይፈርማል። ትከሻዋም ቀለል እያላት ነው። ነገር ግን ሙኒብ በአዲሱ ወር ኮሌጅ ይጀምራል፤ ፈረቃው ወደ ማታ ተዛውሯል። ሶስ የሚሠራው ጠዋት ነው። ከቀሩት የወጥ ቤት ሰዎች አንዱ ሲጋራ ምላሱን ገድሎታል፣ ሌላው ቃሪያ ካልጨመሩለት ምንም አይጣፍጠውም። የገና ጾም የሚገባው ደግሞ ኅዳር አሥራ አምስት ነው፤ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ፀዳል ሰሞኑን ካላንደሩን በቀን ሦስት ጊዜ ታያለች፤ እንደምታየው ቢቆጠር ቀኑ እስካሁን አልቆ ነበር። ሊዲ «ማሚ፣ እኔ ልምጣና ልቅመስልሽ?» አለቻት፤ ትምህርት ቤቷን ትታ የት ትመጣለች።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ፣ በዴንቨርም በኦሮራም በእንግልውድም ያላችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የሙኒብ የጠዋቱ ቦታ ክፍት ነው። ሥራው ዕቃ ማጠብ ነው፤ ይከብዳል፣ ሰዎቹ ግን ደጎች ናቸው። ከምታውቁት መካከል በዚህ ጾም ቅቤና እንቁላል የሚበላ፣ ጨው ሲያንስም ሲበዛም ሳያፍር የሚናገር፣ በጠዋት ተነሥቶ ባቡር የማያመልጠው ሰው ካለ ጠይቁልን። ሙስሊም ይሁን፣ ጴንጤ ይሁን፣ ከፈለገም ፈረንጅ ይሁን። ከኅዳር አሥራ አምስት በፊት በሆቴሉ የኋላ በር ገብቶ ፀዳልን ይጥራ።